የሴንጢዬ አጥንት እጀታ ጠቁሯል፤ እንዴት ላፍካው?

ጠያቂ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ የተወልኝ ሴንጢ አለ። እጀታው በሁለቱም ጎን አጥንት ነው፤ ጎርበጥ ጎርበጥ ተደርጎ የተቀረጸ፣ ቀይ የተነከረ። አሁን ወደ ጥቁር ሄዷል። ማፍካት ይቻላል? ካልሆነ ቡናማ ባደርገው ደስ ይለኛል። ሰፈር ውስጥ «በረኪና ውስጥ ዘፍዝፈህ አሳድረው» አሉኝ። እጄ አልደፈረም።

ቆዳ ሠሪው (ኮምቦልቻ)፦
እንኳን አልደፈርክ ወንድሜ! አጥንትን አያይዞ የያዘው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ቆዳም በአብዛኛው እሱው ነው። በረኪና ይበላዋል። መጀመሪያ ነጣ ብለህ ትደሰታለህ፤ ቆይቶ እንደ ጠመኔ ይፈረፈራል። ስለቱንም ዝገት ያስይዘዋል።

መጀመሪያ ወዙን አውጣ። ለብ ያለ ውሃ፣ የዕቃ ፈሳሽ ሳሙና፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ በቃ። የፈላ ውሃ አታስነካው፤ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቀለሙ ጠቆረ የምንለው ብዙ ጊዜ የእጅ ወዝ ነው።

የፒያሳው (ደሴ)፦
ልክ ነው። ከታጠበ በኋላ ጥጥ በአልኮል ነክረህ ጥግ ላይ ሞክር። ጥጡ ከቀላ፣ ቀለሙ እየለቀቀ ነው። እምቢ ካለ ከፋርማሲ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ግዛ። ሴንጢውን አትዘፍዝፍ። በጥጥ እጀታው ላይ ብቻ፣ እያየህ። ስለቱንና መታጠፊያውን ቀድመህ ዘይት ቀባ። ጠንካራ ቀለም ግን በዚህ ሙሉ በሙሉ ላይለቅ ይችላል።

አንዲት እህት (ኮምቦልቻ)፦
እኔ ብሆን እሞርደው ነበር። ቀለም አጥንት ውስጥ ብዙ አይዘልቅም። 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ 600፣ ውሃ እያስነካህ። የአጥንት አቧራ ለሳንባ ጥሩ አይደለም፤ ማስክ አድርግ። ጉብታው ይፈካል፣ ጎድጓዳው ቀይ ሆኖ ይቀራል። እኔ በጣም የምወደው መልክ ነው።

ጠያቂ፦
አላህ ይስጥልኝ! ቡናማ ካልኩስ? ቡና ይይዛል?

ቆዳ ሠሪው፦
ቡናም ሻይም ይይዛል፣ ግን ፈዘዝ ይላል። ደመቅ እንዲል በአልኮል የተበጠበጠ የቆዳ ቀለም ይሻላል፤ አጥንቱ እንደ ቆዳው ይጠጣዋል። ነባሩ ቀይ ካልለቀቀ ግን ቡናማው ቀላ ማለቱ አይቀርም። መጀመሪያ ከሥጋ ቤት አጥንት ለምነህ፣ አጥበህ አድርቀህ ሞክርበት።

የፒያሳው፦
አብሽር፣ ብቻ ፀሐይ ላይ አታስጣው፤ ይሰነጠቃል። የደሴ ብርድ ቢያዘገየውም ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ሲደርቅ ንጹሕ ሰም በጨርቅ እሸው።