የሞተር ቱኒንግ ባስደርግ የፋብሪካው ዋስትና ምን ይሆናል?

ጥያቄ፦ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የ2022 ሞዴል ቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ አለኝ። ከሁለተኛ እጅ የገዛሁት ሲሆን አሁን 34,000 ማይል ላይ ደርሷል። የአዲስ መኪና ዋስትናው 4 ዓመት ወይም 50,000 ማይል ስለሆነና ሁለቱም ገና ስላልሞሉ አሁንም በዋስትና ሥር ነው።

ባለ 2 ሊትር ቱርቦ ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ 241 የፈረስ ጉልበት አለው። እዚህ አካባቢ ያለ አንድ ቱኒንግ ቤት ምንም ዕቃ ሳይቀየር፣ የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም ብቻ በመለወጥ ወደ 300 ገደማ ሊያደርስልኝ እንደሚችል ነግሮኛል። ሥራውም ከአንድ ሰዓት ብዙ አያልፍም። ያስቸገረኝ የዋስትናው ነገር ነው። አንዱ ጓደኛዬ «ፕሮግራሙን በነካህበት ቀን ዋስትናህ በሙሉ ይሰረዛል» ይለኛል፤ ሌላው ደግሞ «የአሜሪካ ሕግ ስለሚጠብቅህ ማንም ሊከለክልህ አይችልም» ይላል። መኪናው በየቀኑ ለሥራ የምመላለስበት ነው፤ ሞተር ቢበላሽብኝ ከኪሴ ከፍዬ ማሠራት አልችልም። የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ መካኒክ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ወንድሜ፣ ከማስደረግህ በፊት መጠየቅህ ጥሩ ነው፤ እኔ ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ የሚጠይቁት ካስደረጉ በኋላ ነው። ለ11 ዓመት በዲለር ወርክሾፕ ውስጥ የሠራሁ ሲሆን አሁን የራሴ ጋራዥ አለኝ፤ ስለዚህ ነገሩን ከሁለቱም ወገን አይቼዋለሁ። ሁለቱም ጓደኞችህ የነገሩህ ሙሉውን አይደለም።

ሕጉ በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው የማግነሰን-ሞስ የዋስትና ሕግ ነው። አንድ አምራች «ዋስትናህ የሚጸናው የእኔን መለዋወጫ ከተጠቀምክ ወይም በእኔ ዲለር ካሠራህ ብቻ ነው» ብሎ ደንበኛውን እንዳያስገድድ ይከለክላል፤ ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን በነፃ የሚሰጥ ካልሆነ በቀር። ሕጉን የሚያስፈጽመው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም የሌላ አምራች ዕቃ መኪና ላይ መገጠሙ ብቻውን ዋስትናን እንደማያፈርስ ለሸማቾች በግልጽ አስታውቋል። ሆኖም የተገጠመው ዕቃ ወይም የተደረገው ለውጥ ጉዳቱን እንዳስከተለ አምራቹ ካሳየ፣ ለዚያ ጉዳት የሚወጣውን ወጪ አልከፍልም ማለት ይችላል። ስለዚህ ዋናው ነገር የተበላሸው ዕቃ የትኛው ነው፣ ያበላሸውስ ቱኒንጉ ነው ወይ የሚለው ነው።

ቱኒንግ ከሌላው ማሻሻያ ይልቅ አስቸጋሪ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ማርሚታ ብትቀይር ከመሪው ወይም ከመስኮቱ ብልሽት ጋር የሚያገናኘው የለም። የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ግን በሞተሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይነካል። ፋብሪካው መኪናውን ሲያስተካክል በሐምሌ ሙቀት፣ በተራራ ላይ፣ ጥራቱ ዝቅ ባለ ቤንዚን፣ ዘይቱን በጊዜው በማይቀይር ባለቤት እጅም ቢሆን እንዲሠራ አድርጎ መጠባበቂያ ይተውለታል። ቱኒንግ የሚያደርገው ያንን መጠባበቂያ ወደ ጉልበት መለወጥ ነው። የቱርቦው ግፊት ይጨመራል፤ ካንዴላው የሚያቀጣጥልበት ጊዜ ይቀደማል፤ የሚረጨው ነዳጅም ይበዛል። በዚህ ላይ ቱኒንጉ ለ93 ኦክቴን፣ ማለትም ከፍ ላለው ቤንዚን ተሠርቶ ሳለ ባለቤቱ ዝቅ ያለውን 87 ቢሞላበት የአየርና የነዳጁ ቅይጥ ሰዓቱን ሳይጠብቅ በራሱ ይፈነዳል። ሞተሩ ዝቅ ባለ ዙር እየዞረ በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ በኃይል ሲሰጠው ደግሞ ቅይጡ ከካንዴላው ቀድሞ በድንገት የሚቀጣጠልበት ጊዜ አለ፤ እንዲህ ያለው ፍንዳታ የፒስተኑን ቀለበት መያዣ እስከ መስበር ይደርሳል። ፒስተን፣ ቱርቦ ወይም ፍሪሲዮን ቱን በተደረገ መኪና ላይ ከተበላሸ «ቱኒንጉ ነው ያበላሸው» ለማለት አምራቹ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በአንተ ዓይነት ሞተር ላይ በተደጋጋሚ የሚታየው የውሃ ፓምፕ መፍሰስ ግን ከቱርቦ ግፊት ጋር በቀላሉ አይያያዝም፤ በዚያ ላይ ልትከራከር ትችላለህ።

ሁሉም ሰው የሚጠይቀው «እንዴት ያውቁብኛል?» የሚለውን ነውና እሱንም ልንገርህ። መኪናው ወርክሾፕ ሲገባ መካኒኩ ከመሪው በታች ባለው መሰኪያ የምርመራውን ገመድ ይሰካል፤ ላፕቶፑም ከአምራቹ ማዕከል ጋር በኢንተርኔት የተገናኘ ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር የውስጡን ፕሮግራም የሚገልጽ የማረጋገጫ ቁጥር ይልካል፤ ፕሮግራሙ በጥቂቱም ቢለወጥ ቁጥሩ ይለወጣል። ቁጥሩ ፋብሪካው ከመዘገበው ጋር ካልተመሳሰለ፣ በቮልስዋገንና በአውዲ ዘንድ ቲዲ1 የሚባለው ምልክት በመኪናው የሻንሲ ቁጥር ላይ ይመዘገባል። እኔ ራሴ ዘይት ሊቀይር ብቻ የመጣ መኪና ላይ ምልክቱ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ባለቤቱ እንግዳ ማረፊያው ውስጥ ቡናውን እየጠጣ ምንም አላወቀም ነበር። ከዚያ በኋላ ወደየትኛውም ዲለር ብትሄድ ሻንሲ ቁጥሩን ሲያስገቡ ይታያል፤ መኪናውን ብትሸጠውም ለገዢው ይተላለፋል። ምልክቱ ዋስትናውን በሙሉ አይሰርዝም፤ ሆኖም ከሞተርና ከካምቢዮ ጋር የተያያዘ ጥያቄ ስታቀርብ መጀመሪያ የሚነበበው እሱ ነው።

መልስ፦ ከአትላንታ

እኔ ቱን ካስደረግሁ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ ምንም አልገጠመኝም። ወደ ዲለር ከመሄዴ በፊት ፕሮግራሙን ወደ ነበረበት አስመልሳለሁ፤ ከዚያ እንደገና አስጭናለሁ። ብዙ የምትጨነቅበት ነገር አይደለም።

መልስ፦ መካኒክ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ ይህን ምክር ማንም እንዳይከተል እለምናለሁ። ብዙ አምራቾች የሞተሩ ኮምፒውተር ስንት ጊዜ እንደተጻፈበት የሚመዘግብ ቆጣሪ በውስጡ አስቀምጠዋል። ፕሮግራሙ ወደ ቀድሞው ቢመለስም ቆጣሪው ወደ ኋላ አይመለስም፤ ዲለሩ ሁለት ጊዜ ብቻ የጻፈበት ኮምፒውተር ሰባት ጊዜ ተጽፎበት ሲገኝ ማብራሪያ አይኖርህም። ሞተሩ የመጀመሪያ ምርመራውን ስላለፈ አያገኙብኝም ማለትም አይደለም፤ ትልቅ ብልሽት ሲመጣ ክፍያውን የሚፈቅደው የአምራቹ ተወካይ ጠለቅ ያለ ምርመራ ያዛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያበላሸኸውን ነገር ደብቀህ ክፈሉኝ ማለት ማጭበርበር ነው። በሕግ ከመከራከር ሙሉ መብት ወደ ጥፋተኝነት ራስህን ታወርዳለህ።

መልስ፦ ከዴንቨር፣ ኮሎራዶ

ወንድሜ፣ በእኔ ላይ የደረሰውን ብነግርህ ይጠቅምሃል ብዬ አስባለሁ። የመኪናዬንም የዲለሩንም ስም አልጠቅስም። መኪናዬን ቱን ካስደረግሁ ከዓመት በኋላ፣ በ31,000 ማይል ላይ የኤሲው ኮምፕሬሰር ሥራ አቆመ። ዲለር ወሰድኩት። ከሁለት ሰዓት በኋላ ተቀባዩ አንድ ወረቀት አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠልኝ፤ ከታች በእስክሪብቶ «ፕሮግራሙ ተለውጧል፣ ዋስትና የለውም» ተብሎ ተጽፎበታል። በዚያች ቅጽበት ማልቀስ ነበር የቃጣኝ፤ የተጠየቅሁት ገንዘብ የአንድ ወር የቤት ኪራዬ ነበርና።

ቤት ሄጄ የዋስትናውን መጽሐፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። «በለውጥ ምክንያት የደረሰ ጉዳት አይሸፈንም» ይላል እንጂ «ለውጥ ከተደረገ ዋስትናው ይሰረዛል» አይልም። በማግስቱ ተመልሼ አልጮህኩም፤ አልተሳደብኩም። የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሞተሩ ፕሮግራም የኤሲውን ኮምፕሬሰር እንዴት እንዳበላሸው በጽሑፍ አስረዱኝ አልኳቸው። ማንም ሊጽፍልኝ ፈቃደኛ አልሆነም። ከዚያም በቀጥታ ወደ አምራቹ የደንበኞች አገልግሎት ደውዬ የጉዳይ ቁጥር አስከፈትኩ፤ ሕጉን በስሙ ጠቅሼ ደብዳቤ ላክሁ፤ የዘይት ቅያሬ ደረሰኞቼንም ሁሉ አያያዝኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ኮምፕሬሰሩ በዋስትና ተቀየረልኝ።

ግን ታሪኩ በዚህ አያበቃም። በቀጣዩ ክረምት ቱርቦው ተበላሸ። ይኸኛውም ውድቅ ሆነብኝ፤ በዚህኛው ግን የተናገሩት ትክክል ስለነበር አልተከራከርኩም። 3,800 ዶላር ከቁጠባዬ አውጥቼ ከፈልኩ። መኪናዬን አሁንም እወዳታለሁ፤ ነገር ግን ያን ገንዘብ ያስቀመጥኩት ለእናቴ የአውሮፕላን ትኬት ነበር፤ የዚያን ዓመት ሳትመጣ ቀረች። «ሞተር ቢበላሽብኝ መክፈል አልችልም» ያልከውን ሳነብ የመጣብኝ ይህ ነው።

መልስ፦ ከሎስ አንጀለስ

መካኒኩ ወንድማችንና የዴንቨሯ እህታችን ያሉትን እየደገፍኩ፣ ያልተነሳ አንድ ጉዳይ ልጨምር። ቱኒንግ ከዋስትና በተጨማሪ ከጭስ ሕግም ጋር ይገናኛል። የፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ የመኪናን የጭስ መቆጣጠሪያ ማሰናከልን ይከለክላል፤ ጭሱን የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ሲወገድ ኮምፒውተሩ እንዳያስታውቅ የሚያደርግ ፕሮግራም በየትኛውም ስቴት ሕጋዊ አይደለም። እዚህ ካሊፎርኒያ ደግሞ ከሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጭስ ምርመራ ጊዜ የሞተሩ ፕሮግራም ራሱ ይታያል፤ የአምራቹ ካልሆነና የስቴቱ የአየር ሀብት ቦርድ የፈቀደለት ካልሆነ መኪናው ይወድቃል። አንተ በምትኖርበት ሰሜን ቨርጂኒያም በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ አለ። ስለዚህ ቱኒንግ ቤቱን መጀመሪያ የምትጠይቀው ፕሮግራሙ የካሊፎርኒያው ቦርድ የፈቃድ ቁጥር እንዳለው ይሁን።

የጭሱን ነገር ያነሳሁት ሌላም ምክንያት ስላለው ነው። በፌዴራል ሕግ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩና የሞተሩ ኮምፒውተር ለ8 ዓመት ወይም ለ80,000 ማይል የሚቆይ የራሳቸው ዋስትና አላቸው። ብዙ ሰው 50,000 ማይል ሲሞላ «አሁን ነፃ ነኝ» ብሎ ቱን ያስደርጋል፤ በመኪናው ውስጥ ካሉት ውድ ዕቃዎች ሁለቱ ገና በዋስትና ላይ መሆናቸውን አያውቅም።

የግድ ጉልበት መጨመር ከፈለግህ አምራቹ ራሱ የሚያውቀው መንገድ መኖሩን አጣራ። ለምሳሌ ፎርድ በፎርድ ፐርፎርማንስ ስም ለአንዳንድ ሞዴሎቹ ከዋስትና ጋር የሚቀርቡ ፕሮግራሞችን ይሸጣል። የቢኤምደብሊው መኪኖችን በማሻሻል የሚታወቀው ዲናንም በእሱ ምርት ምክንያት አምራቹ አልከፍልም ካለ ወጪውን የሚሸፍን የራሱን ዋስትና ሲሰጥ ኖሯል። እንዲህ ያለ ዋስትና ሲቀርብልህ ግን የሚከፍለው ማን እንደሆነ፣ ካምቢዮንም ይጨምር እንደሆነ፣ ሥራውን ማን እንዲሠራው እንደሚጠይቅ ከመፈረምህ በፊት አንብብ። የቃል ተስፋ ዋስትና አይደለም።

ጠያቂው፦ ከአሌክሳንድሪያ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የዴንቨሯ እህቴ፣ ታሪክሽን ለባለቤቴም አነበብኩላት። ዋስትናው እስኪያልቅ ድረስ ፕሮግራሙን ላለመንካት ወስኛለሁ፤ ለቱኒንግ ያሰብኩትን ገንዘብ ለጎማና ለፍሬን አውለዋለሁ።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። መኪናውን የገዛሁት ከሁለተኛ እጅ መሆኑን ነግሬያችኋለሁ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ቱን አስደርጎት ቢሆንስ? በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ መካኒክ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ይህን መጠየቅህ ተገቢ ነው፤ አሁኑኑ አጣራው። ሻንሲ ቁጥሩን ይዘህ ወደ ማንኛውም የቮልስዋገን ዲለር አገልግሎት ክፍል ሂድና ሦስት ነገር ጠይቅ፦ ዋስትናው የጀመረበት ትክክለኛ ቀን መቼ ነው፣ በመኪናው ላይ ቲዲ1 ተመዝግቧል ወይ፣ እስከ ዛሬ በዋስትና የተሠራለት ምንድን ነው። ዋስትናው የሚቆጠረው አንተ ከገዛህበት ቀን ሳይሆን የመጀመሪያው ባለቤት ከተረከበበት ቀን ስለሆነ፣ ቀኑን በጽሑፍ ተቀበል።

ምልክት ከሌለ ግን ፕሮግራሙ አልተነካም ማለት ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት ያረጋገጠው የለም ይሆናል። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ካለህ ወደ ጋራዤ አምጣው። ከሞተሩ ኮምፒውተር ላይ የፕሮግራሙን መለያና የማረጋገጫ ቁጥር አንብቤ፣ ለሞዴልህ ከሚታወቀው የፋብሪካ ቁጥር ጋር አስተያይቼ አሳይሃለሁ። ኮፈኑንም ከፍተን ከፋብሪካው ያልሆነ ቱቦ ወይም የአየር ማጣሪያ መኖሩን፣ የካንዴላዎቹንም ዓይነት እናያለን፤ ቱን የተደረገ መኪና ብዙ ጊዜ ከፋብሪካው የተለየ ካንዴላ ይገጠምለታል። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ሒሳብም አልጠይቅህም። ብቻ የገዛህበትን ውልና ሻጩ የሰጠህን ወረቀት ሁሉ ይዘህ ና፤ ተቀይሮ ከተገኘ ሻጩ ስለ ፕሮግራሙ ምን ብሎ እንደፈረመልህ አብረን እናነበዋለን።