ጥቁር የውሻ ጥፍር በድሬሜል ስሞርድ የት ላይ ላቁም?

የቡቺ እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
ሰላም ወገኖች። የቡቺ ጥፍር ሁሉም ጥቁር ነው። ባለፈው ያስቆረጥኩበት ቤት ደም ሥሩን ስለነኩበት አሁን መቁረጫ ካየ ሶፋ ሥር ይገባል። ጥፍሩ ረዝሞ እንጨቱ ወለል ላይ ሲሄድ ቋ ቋ ይላል። ባለቤቴ ለእንጨት ሥራ የገዛው ድሬሜል (እየተሽከረከረ የሚሞርድ የኤሌክትሪክ መሣሪያ) አለ፤ በእሱ ልሞርደው? ደም ሥሩ ጋ መቅረቤንስ በምን አውቃለሁ?

አባ ሼፐርድ
ሞርጂው እህቴ፣ ለጥቁር ጥፍር እኔ ከመቁረጫ አስበልጠዋለሁ። መቁረጫ አንዴ ከነከሰ መመለሻ የለውም፤ ይሄ ጥቂት በጥቂት ነው የሚልገው። የእንጨቱን ሻካራ አውልቂና ለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት ግጠሚ፣ 120 ቁጥር ደህና ነው። ፍጥነቱ የመጨረሻው ዝቅተኛ ላይ ይሁን።

ሙቀቱን ፍሪ። አንድ ቦታ ላይ ከቆየሽ ይፋጃል፤ አንድ ሁለት ሰከንድ ነካ አድርገሽ አንሺ። ጣቱን በሁለት ጣትሽ ያዝ ካደረግሽው ንዝረቱ ይቀንስለታል።

የተሞረደውን ፊት ቶሎ ቶሎ እዪው። መጀመሪያ ደረቅና አመድማ ነው። እየገባሽ ስትሄጂ መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ፣ እርጥበት ያለው ነጥብ ብቅ ይላል። እዚያ ላይ አቁሚ! ከኋላው ደም ሥሩ ነው። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ከተሞረደ ደም ሥሩም ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይሸሻል።

ሜሮን
ፀጉራም ከሆነ ፀጉሩ መሽከርከሪያው ላይ ይጠመጠማል። አሮጌ ስቶኪንግ አልብሰሽው ጥፍሮቹ ብቻ በስተው ይውጡ። የራስሽንም ፀጉር እሰሪ፣ ለአቧራው ማስክ አድርጊ።

የቡቺ እናት
ፀጉሩስ አጭር ነው። ድምፁን ሲሰማ ግን ይሮጣል።

አባ ሼፐርድ
እንግዲያው ዛሬ አትሞርጂው። ጠፍቶ እያለ ያሽትተው፣ ዶሮ ስጪው። ሌላ ቀን ራቅ አድርገሽ አብሪው፣ አሁንም ዶሮ። ሳይሸሽ ሲቀር አንድ ጥፍር ሞርደሽ ልቀቂው። በጉልበት ተይዞ መሞረዱን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ፍርሃቱን ታባብሺበታለሽ።

ከእግሩ ጎን ከፍ ብሎ የሚበቅል ጥፍር ካለው እንዳትረሺው። መሬት ስለማይነካ አያልቅም፣ ተጠምዝዞ ሥጋው ውስጥ ሊገባ ይችላል። ድንገት ከደማ የበቆሎ ስታርች ጫን አድርጊበት። ጥፍሩ ተሰንጥቆ ወይም ሥሩ አብጦ ካገኘሽው ግን ድሬሜሉን አስቀምጪና ሐኪም ጋ ውሰጂው።