ማታ ማታ አንዱ ፌዝ እየወረደ ወፍጮዬን አቆመብኝ

ዳንግላ አጠገብ ወፍጮ ቤት አለኝ። ሞተሩ ባለ ሦስት ፌዝ (በሦስት የኤሌክትሪክ መስመር የሚሠራ)፣ 15 ኪሎዋት፣ 380 ቮልት ነው። ጠዋት ሰላም ነው፤ በፌዞቹ መካከል 384፣ 381፣ 379 ይነበባል። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ሰፈሩ ምጣድ ሲጥድ ግን 378፣ 366፣ 341 ይሆናል። ዝቅተኛው ከአማካዩ 5.7 በመቶ ገደማ ይርቃል ማለት ነው። አምፔሩማ ይብሳል፦ 26፣ 31፣ 44። ሞተሩ ያጉረመርማል፣ እጅ አያስነካም፣ ከዚያ ኦቨርሎዱ (ሞተሩ ከልክ በላይ ሲስብ የሚያጠፋው መከላከያ) ቷ! የባለተራዋ በቆሎ ግማሹ ሳይፈጭ ይቀራል።

የኮንታክተሩን (የሞተሩን ማብሪያ ማጥፊያ) ብሎኖች አጠበቅሁ፤ ለውጥ የለም። የሞተሩ አዟዟር እንዳይገለበጥ ሦስቱንም ገመድ በዙር አቀያየርኩ። 44 አምፔሩ ያንኑ የመስመር ፌዝ ተከተለ። ስለዚህ ሞተሩ ጤነኛ ነው። አንድ ኤሌክትሪሺያን «ኦቨርሎዱን ከፍ አድርገውና ፍጭ» አለኝ። ሞተሩ ሲቃጠል የሽቦ ማስጠቅለያውን እሱ ሊከፍልልኝ ነው?

ችግሩ የላላ ኒውትራል (የመመለሻው ገመድ) ብቻ ቢሆን በፌዝና በፌዝ መካከል ያለው ቮልት እንዲህ ባልተራራቀ ነበር። የሚመስለኝ ብዙው ቤት አንድ ፌዝ ላይ ተቀጥሏል።

መፍትሔው ቤቶቹን ከምሰሶው ላይ ለሦስቱ ፌዝ ማከፋፈል ብቻ ነው፣ ወይስ እኔ ጋ የእያንዳንዱን ፌዝ ቮልት ለየብቻ የሚያስተካክል ስታቢላይዘር ባስገባ ማታም መፍጨት እችላለሁ?