ቤት የቀረውን ታናሽ ልጃችንን እንዴት እንያዘው?

በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ልጆች ከቤታችን ወጥተዋል፤ ወንዱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን አልፎ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ፣ ትልቋን ደግሞ ጥር ላይ ድረን፣ መልሱና ቅልቅሉ እንዳበቃ ከባለቤቷ ጋር ወደ ሐዋሳ ሸኝተናታል። ደስታውስ ደስታ ነው፤ ተመስገን። የቸገረን የታናሻቸው ነገር ነው። ሰኔ ላይ የስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚጠብቀው ይህ ልጅ፣ ከወንድሙ ጋር ይተኛበት የነበረውን ክፍል ትቶ ሳሎን ሶፋ ላይ ማደር ከጀመረ ሰንብቷል፤ ራት ቀርቦ ሁለት ጊዜ ጎርሶ ይነሣል፣ ወንድሙ ሲደውል ግን ስልኩን ይዞ በረንዳ ላይ ያመሻል። ባለቤቴ የእህቷን ልጅ አምጥተን አብሮት ይኑር ትላለች፤ እኔ ግን በወንድሙ አልጋ ላይ ሌላ ልጅ ማስተኛቱ ይብስበታል ብዬ ሠግቻለሁ። በዚህ ያለፋችሁ ወላጆች፣ ከፈተናው በፊት ጅማ ወስደን ከወንድሙ ጋር ብናገናኘው ይበጃል ወይስ ፈተናውን እስኪጨርስ ብንጠብቅ ትመክሩናላችሁ?