ባጋቫድ ጊታ፦ ራስን ማስገዛት ጥያቄን መተው ነው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሂንዱዎችን ቅዱስ መጽሐፍ ጊታን እያነበብኩ ነው። 4፥34 ላይ አምላኩ ክሪሽና በጦር ሜዳ ላይ ያለውን ጦረኛ አርጁናን «እውነትን ወደሚያውቁት ሄደህ ስገድ፣ ጠይቅ፣ አገልግል» ይለዋል። 18፥66 ላይ ደግሞ «ሁሉን ትተህ እኔን ብቻ ተጠጋ» ይላል። እኔ ሳልጠይቅ የተቀበልኩት ነገር ውስጤ አይገባም። ቫይሽናቫዎች (ቪሽኑን ወይም ክሪሽናን የሚያመልኩ ሂንዱዎች) ዘንድ እውቀት የሚገኘው አእምሮን ዘግቶ ነው? እህታችሁ።

መልስ 1፦
እህቴ፣ አርጁናን ከመጀመሪያው ተከተዪው። 2፥7 ላይ «ግራ ገብቶኛል፣ ደቀ መዝሙርህ ነኝ፣ አስተምረኝ» ይላል። ራሱን ያስገዛው እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ዝም አለ? በፍጹም! 3ኛው ምዕራፍ ገና ሲከፈት «እውቀት ከሥራ ከበለጠ፣ ለምን ወደዚህ አስፈሪ ጦርነት ትገፋኛለህ?» ብሎ ይሞግተዋል። 18ኛው ምዕራፍም በእሱ ጥያቄ ነው የሚጀምረው። 18፥63ንም እይው፦ «በደንብ አሰላስልና የወደድከውን አድርግ።» አእምሮ የሚያዘጋ መምህር እንዲህ አይልም። በጣም የምወደው ቦታ ነው።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ግን ትሕትናው ለምን ግድ ሆነ? ትምክህተኛም እኮ ይማራል።

መልስ 2፦
ሒሳብ ከሆነ አዎ፣ ይማራል። እዚህ የሚፈለገው ግን ክሪሽናን ራሱን ማወቅ ነው። ጊታ 13ኛው ምዕራፍ እውቀት ምን እንደሆነ ሲዘረዝር አለመኩራትን ያስቀደመው ለዚህ ይመስለኛል።

ህንድ ስማር የክሪሽና አማኞች ቅዱስ ወደሚሉት ጎቫርዳን ኮረብታ ሄጄ ነበር። ዙሪያው 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙዎች በእግር ይዞሩታል። አንዳንዶቹ ግን መሬት ላይ በደረታቸው ይዘረጋሉ፤ ይነሳሉ፤ እጃቸው የደረሰበት ላይ ቆመው እንደገና ይዘረጋሉ። እንዲህ ሲዞሩ የነበሩ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ጥላ ስር አረፍ ሲሉ ስለ ጊታ ጠየቅኳቸው። ግንባራቸው አቧራ ነው። ደስ ብሏቸው ረጅም ሰዓት አስረዱኝ፤ እኔንም መልሰው ጠየቁኝ። መስገድና መጠየቅ አብረው ሲሄዱ ያየሁት እሳቸው ላይ ነው።

የኡድሃቫንም ታሪክ አንብቢ። የክሪሽና ወዳጅ፣ ትልቅ ሊቅ ነው። በክሪሽና ናፍቆት የሚያለቅሱትን፣ እሱ ባደገበት በቭሪንዳቫን ያሉ እረኛ ሴቶች እንዲያጽናና ይላካል። ፍቅራቸውን ሲያይ ግን ተማሪው እሱ ይሆናል። የእግራቸው ትቢያ እንዲያርፍበት እዚያ ቁጥቋጦ ወይም ሣር ሆኖ መወለድን ይመኛል! የክሪሽናን ሕይወት በሚተርከው ሌላ ቅዱስ መጽሐፍ፣ በባጋቫታ ፑራና፣ 10ኛው መጽሐፍ፣ ምዕራፍ 46 እና 47 ላይ ታገኚዋለሽ።

ጠያቂ፦
ዛሬ ማታ ከምዕራፍ 46 እጀምራለሁ። ጥያቄ ይዤ እመለሳለሁ።