የአጋዘን አደን ሕግ ከአገር አገር ለምን እንዲህ ይራራቃል?

ጀማሪ_ዓይን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን የአጋዘን አደን ቪዲዮ ማየት ሱስ ሆኖብኛል። ራሴ አድኜ አላውቅም፣ ግን ግራ የገባኝ ነገር አለ። አሜሪካዊው ሎተሪ ገብቶ፣ ለአንድ እንስሳ አንድ ወረቀት ተቀብሎ፣ ወቅቱ እስኪከፈት ቀን ይቆጥራል። ኒውዚላንዳዊው ደግሞ ደስ ባለው ቀን ጫካ ገብቶ ያገኘውን ያህል ተኩሶ ይመለሳል፣ ተው የሚለው የለም። ጀርመኑማ ጭራሽ የገደለው እንስሳ አፍ ውስጥ ቅጠል ይሰካል! እንስሳቱም ሁሉም አጋዘን ይባሉ እንጂ አንዱ ፈረስ ያክላል፣ ሌላው ከውሻ አይበልጥም። ልዩነቱ የመጣው ከእንስሳው ነው ወይስ ከሕጉ? ደግሞስ ነገሩን በደንብ የያዘው የትኛው አገር ነው?

ሸንተረር፦
መጀመሪያ "አጋዘኑ የማን ነው?" ብለህ ጠይቅ። ሌላው ከዚያ ይከተላል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

አሜሪካ ውስጥ የዱር እንስሳ የሕዝብ ነው። መሬቱ የራስህ ቢሆን እንኳ እዚያ ላይ የሚግጠው አጋዘን ያንተ አይደለም፤ ወቅቱን፣ ብዛቱንና መሣሪያውን የሚወስነው ግዛቱ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አልመጣም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሥጋና የቆዳ ነጋዴዎች ነጭ ጅራቱን አጋዘን ሊጨርሱት ምንም አልቀራቸውም ነበር፤ በ1900 አካባቢ በመላ አገሪቱ የቀረው ግማሽ ሚሊዮን እንኳ አይሞላም ተብሎ ይገመታል። ከዚያ የዱር አጋዘን ሥጋ መሸጥ ተከለከለ። በ1937 ደግሞ የፒትማን-ሮበርትሰን ሕግ ወጣና ከጠመንጃና ከጥይት የሚሰበሰበው ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል ተደረገ። ዛሬ ነጭ ጅራቱ ወደ 30 ሚሊዮን ይጠጋል። በነገራችን ላይ ያየኸው ሎተሪ በብዛት በምዕራቡ ክፍል ኤልክ፣ ሚዩልና ሙስ ለሚባሉት የአጋዘን ዝርያዎች ነው። በምሥራቅ በኩል ግን የነጭ ጅራት ፈቃድ ከሱቅ ይገዛል፣ አንዳንድ ቦታማ እባካችሁ ሴት አጋዘኖቹን ቀንሱልን ነው የሚሉት።

ጀርመን ሌላ ዓለም ነው። የማደን መብት ከመሬት ጋር የተሳሰረ ነው። 75 ሄክታር የተያያዘ መሬት ያለው ሰው የራሱ የአደን ክልል ይኖረዋል፤ ከዚያ በታች ያለው ከጎረቤቶቹ መሬት ጋር ይጠቃለልና አብዛኛውን ጊዜ ለአዳኝ ይከራያል። ተከራዩ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም አለበት። ለምሳሌ ለቀይ አጋዘን ስንት መታደን እንዳለበት ዕቅድ ይወጣል፣ አውሬ የገበሬውን ሰብል ካበላሸም በውሉ መሠረት ብዙ ጊዜ የሚከፍለው እሱ ነው። ፈቃድ ለማውጣት ሕግ፣ የእንስሳት በሽታ፣ መሣሪያ፣ ውሻ፣ የሥጋ ንጽሕና... ሁሉንም መፈተን አለ፤ ራሳቸው "አረንጓዴው ማትሪክ" እያሉ ይቀልዱበታል። ቅጠሉ ደግሞ ለእንስሳው የመጨረሻ ጉርሻው ነው። የአክብሮት ምልክት ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም።

ዱካ_ተከታይ፦
ሸንተረር ሕጉን ጥሩ አድርጎ አስቀምጦታል፣ እንስሳውን ግን ዘለለው። ግማሹ ልዩነት እኮ ከእንስሳው ጠባይ ነው።

ጀርመን ውስጥ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚታደነው ሮ የሚባለው ትንሹ አጋዘን ነው፣ ከ20 እስከ 30 ኪሎ። ብዙውን ጊዜ ብቻህን ማማ ላይ ወጥተህ፣ ትንፋሽህን ውጠህ ትጠብቀዋለህ። ስዊድኖች የሚሞቱለት ሙስ ግን ከ400 ኪሎ በላይ ሊሆን ይችላል፤ እሱን ሰፈርተኛው ተሰባስቦ፣ ውሻ ለቆ፣ በሬዲዮ እየተጠራራ ነው የሚያድነው፣ ሥጋውም ይከፋፈላል። ስለዚህ ሁለቱ አደን ቢባሉም አንድ ነገር አይደሉም።

የስሪያ ወቅትም ብዙ ነገር ይወስናል። ቀይ አጋዘን አውሮፓ ላይ በመስከረምና በጥቅምት ያገሣል፤ ኒውዚላንድ ወቅቱ ስለሚገለበጥ በመጋቢትና በሚያዝያ። አዳኙ ባዶ ቀንድ ወይም ቱቦ እየነፋ እንደ ተቀናቃኝ ያገሣበታል፣ ወንዱ በንዴት ይመጣል። ሮ ግን በሐምሌና በነሐሴ ነው የሚገናኘው። የሚገርመው ጽንሱ ወዲያው አያድግም፤ ግልገሉ በግንቦት ገደማ እንዲወለድ ለወራት ባለበት ይቆያል።

አንድ ነገር ልጨምር። አጋዘን ቀንዱን በየዓመቱ ይጥልና አዲስ ያበቅላል፤ የአንቴሎፕ (እንደ ድኩላ ያሉት) ቀንድ ግን አንዴ ከበቀለ እስከ ዕለተ ሞቱ ነው። በዚህ ከሄድን አፍሪካ ውስጥ አገር በቀል አጋዘን ያለው በሰሜን፣ አልጄሪያና ቱኒዚያ አካባቢ ብቻ ነው። ከአጋዘኖች መካከል ደግሞ የቻይና የውኃ አጋዘን ጭራሽ ቀንድ የለውም፤ በቀንድ ፋንታ ረጃጅም ክራንቻ አለው። ሬይንዲር በሚባለው የሰሜን ቀዝቃዛ አገሮች አጋዘን ላይ ደግሞ ሴቷም ቀንዳም ናት።

ባለ_ከረጢት፦
ኒውዚላንድ ላይ "ተው የሚለው የለም" የሚለው ትንሽ ይስተካከል። የጠመንጃ ፈቃድ ግድ ነው፣ በመንግሥት ጥብቅ መሬት ላይም ነፃ ቢሆንም ፈቃድ ታወጣለህ። ብዛት አለመገደቡ ግን እውነት ነው።

ምክንያቱ? ደሴቶቹ ከሌሊት ወፍ በቀር አገር በቀል የየብስ አጥቢ አልነበራቸውም። ዛፍና ቁጥቋጦው ቅጠል በል እንስሳ ሳያውቅ ነው ያደገው። ሰፋሪዎች ከ1851 ጀምሮ ለአደን ብለው አጋዘን አመጡ፣ የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ሩዝቬልት እንኳ በ1905 ኤልክ ልከዋል። ጠላት የሌለው እንስሳ ተራባና ጫካውን ጨረሰው። ከ1930 በኋላ መንግሥት ደመወዝ እየከፈለ ያስገድል ጀመር፣ በ1960ዎቹ ደግሞ ሄሊኮፕተር ገባ። ስለዚህ እዚያ የመታኸው እንስሳ ሕጉ ዘንድ ተባይ ነው።

አዳኙ ግን እንደዚያ አያየውም! መንግሥት ለሌሎች ተባዮች የሚረጨው 1080 የሚባል መርዝ አጋዘንም ሲገድል መጀመሪያ የሚጮኸው አዳኙ ነው። ደግሞ ፊዮርድላንድ በሚባለው የኒውዚላንድ ክፍል የእነዚያን ኤልኮች ዘር በስሪያ ወቅት ለማደን ሎተሪ አለ። ያለ ገደብ የሚታደንበት አገር እንኳ የሚሳሳለት አጋዘን አለው።

ነፋስ_አልባ፦
የቱ አገር በደንብ ያዘው ላልከው፣ ለኔ ማንም። ተኩላውን አጥፍተው አጋዘኑ በዛብን ይላሉ። የጃፓን ተኩላ ከ1905 በኋላ አልታየም፣ አሁን ሲካ የሚባለው አጋዘን ደኑንም እርሻውንም እየበላ ነው፣ አዳኞቹ ደግሞ አርጅተዋል። ስኮትላንድ ቀይ አጋዘን ችግኝ አላስበቅል ሲል በ2023 ወንዱ የማይታደንበት ወቅት እንዲቀር ተደረገ። ህንድ በበኩሏ በ1972 ሕግ አውጥታ የአደን ስፖርትን በሩን ዘግታለች፣ ግን ነብርና የዱር ውሻ ስላላት ንጽጽሩ አይገጥምም።

ሸንተረር፦
ነፋስ_አልባ፣ ተኩላ ላይ እስማማለሁ፣ "ማንም" የሚለው ላይ ግን አልስማማም። የአሜሪካው አሠራር ሊያልቅ የደረሰ እንስሳ መልሷል። ድካሙ እንስሳው ከበዛ በኋላ ነው የሚታየው፤ ሥጋው ስለማይሸጥ አዳኙ ማቀዝቀዣው ከሞላ ለተጨማሪ ሴት አጋዘን ጫካ አይገባም። ጀርመንና ብሪታንያ ሥጋውን መሸጥ ስለሚቻል ይህ ችግር ይቀልላቸዋል። እኔ ብሆን ጥብቁን ወቅት ከአሜሪካ፣ ፈተናውን ከጀርመን እወስድ ነበር።

ጀማሪ_ዓይን፦
ዋው፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ፈቃድም ጠመንጃም የሌለው ሰው አንድ ቀን መሞከር ቢፈልግ የት ይቀለዋል? ቀስትስ?

ባለ_ከረጢት፦
ቀስቱን እርሳው፣ ብሪታንያና ጀርመን አጋዘን በቀስት ማደን ክልክል ነው። አሜሪካ ለቀስት የራሱ ወቅት አለው፣ ግን ከሌላ ግዛት ወይም ከውጭ የመጣ ሰው የነዋሪውን ብዙ እጥፍ ይከፍላል። ላንተ የሚሻለው ስኮትላንድ ነው። የአደን መሬቱ ባለሙያ ይዞህ ይወጣል፣ ጠመንጃም ያውሱሃል፣ መቼና የትኛውን እንደምትተኩስ የሚነግርህ እሱ ነው። ብቻ ተራራ ከመውጣትህ በፊት ወረቀት ዒላማ ላይ ያስተኩስሃል፣ ያንን ከሳትክ ቀኑን በእግር ጉዞ ነው የምታሳልፈው።