ጥቆማ፦ የልጆች ሰርጂን፣ አዲስ አበባ

የናቲ እናት፦ ሰላም እናቶች። ልጄ 7 ወሩ ነው። ሽንቱ የሚወጣው ከጫፉ ሳይሆን ዝቅ ብሎ ከስር ነው። ሐኪሙ ሃይፖስፓዲያስ ነው፣ በቀዶ ጥገና ይስተካከላል አለኝ። የመንግሥት ይሻላል የግል? ያሠራችሁ ጠቁሙኝ።

ማሬ፦ መገናኛ አካባቢ እጁ ቀላል የሆነ ገራዥ አለ። ሁለቱንም ልጆቼን የገረዘልኝ እሱ ነው።

የአቢ አባት፦ ኧረ በፈጠራችሁ! እንዳታስገርዢው! እኛ በ8ኛው ቀን ብለን አስገረዝን። ገራዡም ልብ አላለ፣ እኛም አላወቅን። በኋላ ሰርጂኑ ሲያየው «ሸለፈቱስ?» አለን። ለካ መውጫውን የሚሠሩት በዚያ ቆዳ ኖሯል። ከጉንጩ ውስጥ ወስደው በሁለት ዙር ሠሩለት።

ቤቲ፦ ከጉንጩ?? ለሽንት?

የአቢ አባት፦ አዎ። የገራዡን ስም አልጠራም፣ ግን ሳየው ደሜ ይፈላል።

ማሬ፦ የኔው እንደዛ አይደለም። ጎበዝ ነው።

ዳኒ፦ ማሬ፣ ኮሚሽንሽ ስንት ፐርሰንት ነው?

ጌች፦ ጥቁር አንበሳ። በቃ። ከሱ በላይ የለም።

ዳኒ፦ ልጅህን እዛ አሠርተህ ነው?

ጌች፦ አይ፣ እኔ ትርፍ አንጀት።

ነርሷ፦ የናቲ እናት፣ አልረፈደብሽም። ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ነው የሚሠራው። ከሆስፒታሉ ይልቅ ሐኪሙን አጣሪ። የልጆች ሰርጂን ነው? ይህንን አዘውትሮ ይሠራል? አንዳንዴ ከተሠራ በኋላ ሌላ ቀዳዳ ተከፍቶ ሽንት ያፈሳል፤ ያኔ ማን ያይልሻል? የዘር ፍሬዎቹ ሁለቱም ወደ ከረጢታቸው መውረዳቸውንም ይዩልሽ። ሲሠራ የሽንት ማስወጫ የላስቲክ ቱቦ ከገባለት ሳምንት ገደማ ይቆያል። ዳይፐር ሁለት ታደርጊለታለሽ። የውስጠኛውን ከፊት ትቀጂና ቱቦውን ታሾልኪዋለሽ፣ ሽንቱ ውጨኛው ላይ ይንጠባጠባል።

ቤቲ፦ ዳይፐር ካነሣችሁ አይቀር፣ ሌሊት የማያፈሰው የቱ ነው?

ማሬ፦ የቱርኩን ውሰጂ። ርካሹ ልጅ ያቆስላል።

ዳኒ፦ ዳይፐርም ትሸጫለሽ?

የናቲ እናት፦ ተባረኩ። አማቴ ግን ክርስትናው በ40 ቀኑ ሆኖ ግርዛቱ ለምን ቀረ እያለች ነው። ደግሞ እርጉዝ ሆነሽ ምን በልተሽ ነው ትለኛለች።

ነርሷ፦ ምግብ አይደለም እህቴ። ማህፀን ውስጥ ሲፈጠር የራሱ የሽንት መስመር ጎንና ጎኑ እስከ ጫፍ ሳይገጥም ሲቀር ነው። ከ200 እስከ 300 ወንዶች አንዱ እንዲህ ይወለዳል። ቀጠሮ ስትሄጂ እሷንም ይዘሻት ሂጂ።

የአቢ አባት፦ መቀሱንም ደብቂ።

ቤቲ፦ የናቲ እናት፣ ታዲያ የት ወሰድሽው?

ማሬ፦ የቱርኩ 4 ቁጥር አለ፣ የፈለገ በውስጥ ያናግረኝ።